ጣት ሲቆረጥ የትኛው ቀዶ ሕክምና ይሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አናጢ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የግራ እጄን ሌባ ጣት መጋዝ ወሰደብኝ። የቆረጠው ከመሀለኛው መገጣጠሚያ ወደ መዳፉ ጠጋ ብሎ ነው። ድንገተኛ ክፍል ተኝቼ ሳለ አንዱ ሐኪም ጎንበስ ብሎ «ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ?» አለኝ። ጥያቄው አልገባኝም። የተቆረጠ ጣት ወይ ይሰፋል፣ ወይ ይጣላል ብዬ ነበር የማስበው። ብዙ አማራጭ እንዳለ፣ አማራጩ ሲለያይ ደግሞ ከዓመት በኋላ የሚኖረኝ እጅም እንደሚለያይ የተረዳሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከእንጨት ቤት፣ ከብረት ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ሰዎች ይደውሉልኛል። አንዳንዱ የሚደውለው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ነው። የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። የጻፍኩት ካከሙኝ ሐኪሞችና ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እየጠየቅሁ የተማርኩትን፣ በራሴ እጅ ያየሁትንም ነው። የእናንተን ጣት አይቶ የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው።

ጣቱ አሁን ተቆረጠ። ሆስፒታል እስክንደርስ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሰውየውን። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። እጁን ከልቡ በላይ ከፍ አድርጉት። የጣት ደም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይቆማል። ጣቱን በክር ወይም በላስቲክ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ይቅር። የተረፈውንም ሥጋ ደም ይከለክለዋል፣ ነርቩንም ይጎዳዋል። ሌሎቹ ጣቶች ላይ ቀለበት ካለ እጁ ሳያብጥ አውልቁ። ቡና፣ ናፍጣ፣ አልኮል፣ ምንም ነገር ቁስሉ ላይ አታድርጉ። የሚበላና የሚጠጣም አትስጡት፤ ኦፕራሲዮን ሊገባ ይችላል።

ቀጥሎ የተቆረጠው ጣት። ቆሻሻ ካለበት በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ አድርጉት እንጂ አትፈትጉት። ጎዝ ወይም ንጹሕ ጨርቅ በጨው ውኃ ወይም በንጹሕ ውኃ አርሳችሁ ጨመቅ አድርጉና ጠቅልሉት። የጨው ውኃ የምለው ክሊኒክ ውስጥ በጉሉኮስ ላስቲክ የሚመጣውን ነው። የተጠቀለለውን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ በደንብ ቋጥሩት። ፌስታሉን ውኃና በረዶ የተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። ውኃ ውስጥም መዘፍዘፍ የለበትም።

ይሄን ደጋግሜ የምለው ምክንያት አለኝ። የኔን ጣት ባልደረባዬ በቅን ልቦና ከለስላሳ መሸጫ በረዶ አምጥቶ ኩባያ ውስጥ በረዶው መሀል ቀበረው። ሆስፒታል ስንደርስ ነጭ ሆኖ ደርቋል። በረዶ በቀጥታ ሲነካው ሥጋው እንደ ቃጠሎ ይጎዳል፣ ጥቃቅኖቹ የደም ስሮችም ይበላሻሉ። የኔ ጣት በሌላ ምክንያትም መልሶ የሚተከል አልነበረም። ግን አውራ ጣቴ ቢሆን ኖሮ ያቺ ኩባያ ዕድሌን ትዘጋው ነበር።

የተቆረጠው ቁራጭ የማይረባ ቢመስልም ይዛችሁት ሂዱ። ጣቱ ባይተከል እንኳ ቆዳው ወይም የጥፍሩ መቀመጫ ሌላውን ቦታ ለመጠገን ሊያገለግል ይችላል። የተቆረጠበትን ሰዓትም ፌስታሉ ላይ ጻፉ። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ስንት ሰዓት አለን?

ጣት ጡንቻ የለውም። ስለዚህ ከእጅና ከክንድ የበለጠ ይታገሳል። በደንብ ከቀዘቀዘ እስከ 24 ሰዓት፣ ካልቀዘቀዘ ደግሞ እስከ 12 ሰዓት ድረስ መልሶ መትከል ይሞከራል። ከእጅ አንጓ በላይ የተቆረጠ ከሆነ ግን ጊዜው ወደ 6 ሰዓት ያጥራል።

ይሄ «ጊዜ አለን» ብሎ መዘግየት አይደለም። ግን ከወረዳ ተነስቶ ትልቅ ከተማ ለመድረስ አምስት ስድስት ሰዓት የሚፈጅበት ሰው «አልቆለታል» ብሎ ጣቱን መጣል የለበትም። ማታ 4 ሰዓት ላይ የተቆረጠና በሥርዓቱ የቀዘቀዘ ጣት ጠዋት ሐኪሞቹ ተረጋግተው ሊሠሩት ይችላሉ።

ያሉት አማራጮች ምን ምን ናቸው?

በጥቅሉ አምስት ናቸው። የተቆረጠውን መልሶ መትከል አንድ ነው። አጥንቱን ትንሽ አሳጥሮ በራሱ ቆዳ መዝጋት ሁለተኛው ነው፤ ለአብዛኛው ሰው የሚደረገው ይሄ ነው። ሦስተኛው ከአጠገቡ ወይም ከሌላ ጣት ቆዳ ከነሥጋው አምጥቶ መሸፈን ነው፤ ሐኪሞች ፍላፕ ይሉታል። አራተኛው በፋሻ እየተሸፈነ በራሱ እንዲድን መተው ነው። አምስተኛው ጣቱን ከመዳፍ አጥንቱ ጋር ማንሳት ነው። ይሄኛው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ጣቱ በእጃችን እያለ ለምን አይሰፉልንም?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄን ነው። እናቴም እስከ ዛሬ «ልጄን ጣቱን ለምን አልሰፉለትም?» ትላለች።

መስፋት የሚለው ቃል ያሳስታል። ጣት እንደ ተቀደደ ሱሪ አይሰፋም። መጀመሪያ አጥንቱን ትንሽ አሳጥረው በቀጭን ብረት ያያይዙታል። ከዚያ ጣት የሚዘረጋበትን ጅማት፣ ቀጥሎ የሚታጠፍበትን ጅማት ያገናኛሉ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያዩ ደም የሚያመጡትን ስሮች፣ ነርቮቹን፣ ደም የሚመልሱትን ስሮች አንድ በአንድ ይጠግናሉ። የጣት ደም ስር ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወደ ጫፉ ሲሄድ ከዚያም ይቀጥናል። ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ነው። አንድ ጣት ብቻ ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

የሰው ልጅ ይሄን ከቻለ ብዙ ዘመን አልሆነውም። ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ አውራ ጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው ጃፓን፣ ናራ ከተማ ውስጥ ነው። ኮማትሱ እና ታማይ የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው በፈረንጆቹ 1965 የሠሩት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ነገሩ አላለቀም። አንድ ሳምንት ገደማ ሆስፒታል መተኛት አለ። ጣቱ በየሰዓቱ ቀለሙና ሙቀቱ ይታያል። ክፍሉ ሞቅ ይላል። ሲጋራ ጨርሶ ክልክል ነው፤ ኒኮቲን የደም ስሮቹን ያጠባቸዋል። ብዙ ሐኪሞች ቡናም ይከለክላሉ። ደሙ ገብቶ መውጫ ካጣ ጣቱ ይጠቁራል፤ ያኔ በአንዳንድ አገር ሆስፒታሎች ለሕክምና የተረባ አልቅት ጣቱ ላይ ያደርጋሉ። አዎ፣ ምንጭ ውስጥ የምናውቀው አልቅት። የታመቀውን ደም ይመጥለታል፣ ደሙም እንዳይረጋ ያደርጋል።

እንዲህ ተለፍቶበት ጣቱ ይኖራል እንበል። አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ይታጠፋል? ይሰማዋል? የኔ የተቆረጠበት ቦታ፣ ከመሀለኛው መገጣጠሚያ በታች ያለው፣ ለዚህ በጣም አስቸጋሪው ነው። እዚያ ቦታ ሁለቱ የሚታጠፉ ጅማቶች ጠባብ ቱቦ ውስጥ አብረው ያልፋሉ። ተጠግነው ሲድኑ እርስ በርስና ከቱቦው ጋር ይጣበቃሉ። ጣቱ ሕይወት ይኖረዋል፣ ግን እንደ ዱላ ይገተራል። የተገተረ ሌባ ጣት ይዞ እጅን ኪስ መክተት፣ ጓንት ማጥለቅ፣ ሚስማር መያዝ አስቡት። ሌሎቹ ጣቶች እንዳይጨብጡም ያሰናክላል። ለዚህ ነው አንድ ጣት ብቻ እዚያ ቦታ ላይ ሲቆረጥ ብዙ ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው መትከልን የማይመክሩት።

ሐኪሙ «አይተከልም» ሲል ሰንፎ ወይም ገንዘብ ፈልጎ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። «ቢተከል እንዴት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት።

መተከል ያለበትስ መቼ ነው?

አውራ ጣት ከሆነ ተከራከሩ። የእጅ ሥራ ግማሹ ገደማ በአውራ ጣት ነው። ቢገተር እንኳ፣ ስሜቱ ቢቀንስ እንኳ፣ ሌሎቹ ጣቶች የሚደገፉበት ምሰሶ ይሆናል። ስለዚህ ዕድል ካለው ይሞከራል።

ብዙ ጣት አንድ ላይ ከተቆረጠም ይሞከራል። ሁሉም ባይመለስ ደህናውን ጣት ይበልጥ ወደሚጠቅምበት ቦታ ወስደው ሊተክሉት ይችላሉ። ልጅ ከሆነ ደግሞ በየትኛውም ጣት፣ በየትኛውም ቦታ ሐኪሞች ለመትከል ይተጋሉ። የልጅ ነርቭ ከአዋቂ ይልቅ በደንብ ያገግማል፣ እጁም ገና ያድጋል።

አንድ ጣት ሆኖ ከመሀለኛው መገጣጠሚያ አልፎ ወደ ጫፉ ከተቆረጠም ውጤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም መሀለኛውን መገጣጠሚያ የሚያጥፈው ጅማት አልተነካም።

አቆራረጡም ይወስናል። በስለት ጥርት ብሎ የተቆረጠ ጣት ተስፋ አለው። በማሽን የተጨፈለቀ፣ ሁለት ሦስት ቦታ የተሰባበረ ግን የደም ስሩ ውስጡ ተበላሽቷል። ቀለበት ያዝ አድርጎት የተገነጠለ ጣትም ከባድ ነው፤ ስሮቹና ነርቮቹ ከመቆረጣቸው በፊት ተስበው ተዘርዝረዋል። ከመኪና ላይ ሲዘል ቀለበቱ ብረት ይዞት ጣቱን ያጣ ልጅ አውቃለሁ። ማሽን ላይ የምትሠሩ ቀለበታችሁን ቤት ተዉት።

የሰውየው ጤናም ይታያል። ሌላ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ካለበት፣ ልቡ ወይም ደም ስሮቹ ከታመሙ፣ ረጅም ኦፕራሲዮን ላይችል ይችላል።

አገራችን ውስጥ ይሠራል? ወዴት እንሂድ?

መልሶ መትከል ማይክሮስኮፕና በዚያ ሥራ የሠለጠነ ቡድን ይጠይቃል። ያ በየሆስፒታሉ የለም። ፕላስቲክ ሰርጀሪ ወይም የእጅ ቀዶ ሕክምና ያለበት ቦታ ፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ አለርትና የካቲት 12 የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል አላቸው። አቤት ሆስፒታል ደግሞ ለድንገተኛ አደጋ የተቋቋመ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፣ ወይም የመጀመሪያው ሆስፒታል እንዲደውልላችሁ ጠይቁ። «አውራ ጣት ነው፣ በመጋዝ የተቆረጠ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ በበረዶ ይዘነዋል፤ ዛሬ የሚሠራ ሐኪም አለ?» ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ጠይቁ። በየሆስፒታሉ በር ከመንከራተት ያድናል። እኔን ሦስት ቦታ አዙረውኛል።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ፣ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ እንዲያስተረጉም አትተዉ። «መትከል» እና «መዝጋት» የሚሉት ሁለት ቃላት ተምታተው የፈረመ ሰው ደውሎልኛል።

«አሳጥረን እንዝጋው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የኔ እንዲህ ነው የተሠራው። ጣቱ ሥር በመርፌ አደነዘዙኝ። ነቅቼ ነበር። የወጣውን አጥንት ለስላሳ እስኪሆን ከረከሙት፤ ድምፁ ጥፍር በጉጠት እንደ መቁረጥ ነው። ነርቮቹን ሳብ አድርገው ቆርጠው ወደ ውስጥ እንዲገቡ ለቀቋቸው። የነርቭ ጫፍ ጠባሳው ላይ ከቀረ ትንሽ ዕባጭ ይሠራል፤ ያ ዕባጭ በተነካ ቁጥር እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ከዚያ የመዳፍ በኩል ያለውን ወፍራም ቆዳ ጫፉ ላይ አምጥተው ሰፉት። አንድ ሰዓትም አልፈጀ። በዚያው ቀን ቤቴ ገባሁ፣ በሁለተኛው ወር ሥራ ጀመርኩ።

አንዳንድ ሰው «ጅማቶቹን አጥንቱ ላይ ለምን አልሰፉልኝም?» ይላል። የሚታጠፈውን ጅማት ጎትቶ ጫፉ ላይ ከሚዘረጋው ጋር መስፋት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ሌሎቹን ጣቶች ያሥራቸዋል። ለምን እንደሆነ እዚሁ ሞክሩት። የቀለበት ጣታችሁን ብቻ ለቅቃችሁ ሌሎቹን ጣቶች በሌላኛው እጃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። አሁን የቀለበት ጣታችሁን እጠፉ። ከመሀሉ ይታጠፋል፣ ጫፉ ግን ልል ነው፣ አይታዘዝም። የጣቶቹን ጫፍ የሚያጥፉት ጅማቶች አንድ ጡንቻ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲያዝ ሌላውም ይያዛል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ጅማቱን ለቆ ይተወዋል።

ስለ ርዝመቱ ደግሞ፣ ለጥቂት ሚሊሜትር ብላችሁ ቆዳው ከሳሳ ጫፍ ጋር አትኑሩ። አጥንቱ ላይ የተወጠረ ቆዳ ዕድሜ ልክ ያማል። አጠር ብሎ ወፍራም ቆዳ የለበሰ ጣት ይሠራል፣ ረዘም ብሎ የሚያም ጣት ግን ሰው ይደብቀዋል፣ አይጠቀምበትም። ይሄ የኔ ጽኑ እምነት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ መሀለኛውን አጥንት የሚያጥፈው ጅማት የተያዘበት ቦታ መትረፍ ከቻለ ያ ቦታ ይትረፍ። እዚያ ጥቂት ሚሊሜትር ትልቅ ዋጋ አለው።

የተቆረጠው ጫፉ ብቻ ነው። ምን ይሻላል?

አጥንት ካልታየና ቁስሉ ከአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ገደማ ካልበለጠ፣ ብዙ ጊዜ ጥሩው ሕክምና ትዕግሥት ነው። ቁስሉ ይታጠባል፣ እርጥበቱን በሚጠብቅ ፋሻ ይሸፈናል። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞላል። የሚተካው ሥጋ ስሜቱ ጥሩ ነው፣ ከተሰፋ ቆዳም ይበልጣል። ሰዎች ግን «ምንም አላደረጉልኝም» ብለው ይቆጣሉ። ፋሻው ሲፈታ መጥፎ ሽታ ሊኖር ይችላል፤ ሽታው ብቻውን ኢንፌክሽን አይደለም። የሚያሳስበው ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ወደ መዳፍ የሚሄድ መቅላት ነው።

አጥንት ከታየ ሁለት መንገድ አለ። አጥንቱን ማሳጠር፣ ወይም ፍላፕ። ፍላፕ ሲባል አንዳንዱ ከዚያው ጣት ቆዳውን ወደ ጫፉ ገፍቶ ማምጣት ነው። አንዳንዱ ከአጠገቡ ጣት ጀርባ ቆዳ ከፍቶ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልጦ ቁስሉ ላይ መስፋት ነው። በዚህኛው ሁለቱ ጣቶች ሁለት ሦስት ሳምንት ተጣብቀው ይቆያሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። ለአዛውንት ጣቶቹ ሊደርቁባቸው ስለሚችሉ ይታሰብበት።

የጥፍሩን ነገር ጠይቁ። ጥፍር ከሥሩ የሚደግፈው አጥንት ከሌለ እንደ ጭልፊት ጥፍር ወደ ታች ይቆለመማል፣ ልብስ ይይዛል፣ ያማል። ከጥፍሩ ጥቂት ብቻ ከቀረ አንዳንዴ ጨርሶ ማንሳቱ ይሻላል።

በር የቆረጣቸው ትንንሽ ልጆች ላይ ግን ሐኪሞች የተቆረጠውን ጫፍ ያለ ማይክሮስኮፕ እንዲሁ መልሰው ሊሰፉት ይችላሉ። አንዳንዴ ይይዛል። ባይይዝ እንኳ ከሥሩ ለሚያድገው ሥጋ ሽፋን ሆኖ ይቆያል።

ከወራት በኋላ «ጣቱን ከመዳፍ አጥንቱ ጋር እናንሳው» አሉኝ። ልቀበል?

ይሄ የሚመጣው ጣቱ ከሥሩ አካባቢ ሲቆረጥና ትንሽ ቅሪት ሲቀር ነው። ሌባ ጣት ከሆነ አእምሮ በቶሎ ይተወውና ነገር በመሀል ጣት መያዝ ይጀምራል። ቅሪቱ መሀል ላይ ይገባል፣ ያደናቅፋል። የመሀል ወይም የቀለበት ጣት ከሆነ ደግሞ ክፍተት ይፈጥራል። ሳንቲም ያንሸራትታል። ጤፍ ሲዘግኑ በቀዳዳው ይፈሳል። አንዲት እናት የነገሩኝ ከልቤ አይጠፋም፤ ጉርሻ ሲያጎርሱ ወጡ በክፍተቱ ይፈስባቸው ስለነበር ሰው ፊት ማጉረስ ትተው ነበር። የመዳፉ አጥንት ከተነሳ በኋላ ጎን ለጎን ያሉት ጣቶች ተቀራረቡ፣ ክፍተቱ ተዘጋ። ዛሬ ያጎርሳሉ።

ዋጋው ግን መዳፍ ይጠባል፣ የመጨበጥ ኃይልም ይቀንሳል። መዶሻ፣ አካፋ፣ ዶማ የሚይዝ ሰው ያን ስፋት ይፈልገዋል። ለኔም ሐኪሙ ይሄን አቅርቦልኝ ነበር። እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። ሳንቃ ላይ ተጭኜ እንደምይዝ አሳየሁት። ቅሪቱ ሳንቃው ላይ ሲያርፍ አየውና «ተወው፣ እየሠራህበት ነው» አለኝ። ተውኩት። ጽሑፍ ወይም የቢሮ ሥራ ቢሆን ምናልባት ሌላ እመርጥ ነበር። አስቸኳይ ስላልሆነ ከቅሪቱ ጋር ወራት ኑሩና ወስኑ።

አውራ ጣቴ ጠፍቷል፣ መልሶ መትከልም አልተቻለም። ሌላ ዘዴ አለ?

አለ። የእግር ጣትን ወስዶ በአውራ ጣት ቦታ መትከል ይቻላል። ከሌሎቹ የእጅ ጣቶች አንዱን፣ ብዙ ጊዜ ሌባ ጣትን፣ አዙሮ አውራ ጣት ማድረግም አለ። ጥቂት ቅሪት ካለ አጥንቱን ቀስ በቀስ ማስረዘም ይሞከራል። እነዚህ በተረጋጋ ጊዜ የሚታቀዱ ናቸው። ቁስሉ ሲዘጋ ግን ሐኪሙ ይሄን አስቦ ርዝመትን መቆጠብ ስላለበት በመጀመሪያው ቀን ጠይቁት።

ስኳር አለብኝ፣ ጣቴ ጠቁሯል። ያው ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ጥያቄው ደም እስከ የት ይደርሳል ነው። ደርቆ የጠቆረና ኢንፌክሽን የሌለው ጣት የሞተውና የዳነው ሥጋ ድንበሩ እስኪለይ ሊጠበቅ ይችላል። መግል፣ ሽታና ትኩሳት ካለ ግን ቀን አይሰጥም። ጣት ስብራት ኖሮት በሸንበቆ ወይም በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከጠና ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታ፣ ሆስፒታልም ይሂድ። ወጌሻ ጋ የሄደ ልጅ በማሰሪያ ጥብቀት እጁን ያጣበት ጊዜ በአገራችን ብዙ ነው።

ሕመሙ ይተዋል?

የቁስሉ ሕመም በሳምንታት ይቀላል። የሌለው ጣት የሚያሳክክበት፣ የሚያምበት ነገር አለ። እብደት አይደለም፤ አእምሮ የጣቱን ካርታ ገና አልደመሰሰውም። መስታወት ፊት ደህናውን እጅ እያንቀሳቀሱ ማየት ብዙ ሰው ይረዳል።

ብርድ ደግሞ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጣቴ ይሰነጠቅ የሚመስለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቀነሰ። ጓንት አትናቁ።

ጫፉ ላይ ያለውን መባነን የሚያለምደው መነካካት ነው። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ መጀመሪያ በጥጥ፣ ከዚያ በፎጣ፣ ከዚያ ጣቱን ሩዝ ውስጥ፣ በመጨረሻ ባቄላ ውስጥ መክተት። በቀን ብዙ ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ «ወንድሜ፣ ካልነካካኸው አይለምድህም» ትለኝ ነበር። እኔ በመጋዝ ብናኝም ሠርቼዋለሁ። የተተከለ ጣት ከሆነ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚነዝር ሕመም ካለ የነርቭ ዕባጭ ሊሆን ይችላል። ይታከማል፣ ተመለሱ።

ከመፈረሜ በፊት ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

እኔ ብመለስ እነዚህን እጠይቅ ነበር። ከዓመት በኋላ ይሄ ጣት ይታጠፋል ወይ? ጫፉ ይሰማዋል ወይ? ስንት ጊዜ ኦፕራሲዮን እገባለሁ? መቼ ሥራ እመለሳለሁ? የእርስዎ ጣት ቢሆን፣ የኔን ሥራ ቢሠሩ፣ የትኛውን ይመርጡ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሐኪም ያፍታታል። ሥራችሁንም በዝርዝር ንገሩት። ክራር የሚመታ፣ ልብስ የሚሰፋና ግንብ የሚገነባ ሰው የሚፈልጉት እጅ አንድ አይደለም። የቴታነስ መርፌና ኤክስሬይ መደረጉንም አረጋግጡ።

ጉዳቱ የደረሰብኝ ሥራ ላይ ነው። ወጪው የማን ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካሉ ይካተታል። ሥራ መሥራት ባልቻላችሁበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ክፍያ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ።

እኔ ይሄን ሳላውቅ የሰጡኝን ጥቂት ብር ተቀብዬ «ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ በቀኝ እጄ ፈረምኩ። የግራ እጄ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ ነበር። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። የሕክምና ማስረጃውን፣ ኤክስሬዩን፣ የተቆረጠበትን ቀንና ሰዓት፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ስም ያዙ። የቋሚ ጉዳት መጠን የሚወሰነው በሐኪሞች ቦርድ ስለሆነ፣ ያ ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ የመጨረሻ ስምምነት አትፈርሙ።